ከትሬንታ ኳትሮ እስከ ዲ ፎር ዲ፦ ጭስ የማንበብ ሙያ በአዲስ አበባ

ጌጃ ሰፈር ውስጥ «ፒካፔ ጨሰችብኝ» ብሎ ወደ ጋራዥ የሚገባ ሰው፣ መካኒኩ ሙያውን የሚያውቅ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ብዙም አያስደስተውም፦ «አሳድራት፤ ጠዋት እኔ ሳልደርስ እንዳታስነሷት።» ባለመኪናው ጭሱ አሁን እየታየ ማደሩ ለምን እንዳስፈለገ አይገባውም። መካኒኩ ግን የሚፈልገው የቀዘቀዘ ሞተር ነው። የሞቀ ሞተር ብዙ ገበና ይሸፍናል። ሌሊቱን በቫልቭ ጎማ አልፎ የወረደ ዘይት፣ ከኖዝል ጫፍ የተንጠባጠበ ናፍጣ፣ በቴስታታ (በሲሊንደሩ ራስ) ስንጥቅ ሾልኮ የገባ ውሃ ራሱን የሚያጋልጠው ቁልፉ በዞረ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ነው። ከዚያ በኋላ ብረቱ ይሞቃል፣ ይሰፋል፣ ክፍተቱ ይደፈናል። ማስረጃውም በማርሚታው ወጥቶ ይበተናል።

ጌጃ ሰፈር በልደታ ክፍለ ከተማ፣ ከአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ ሰፈር ነው። ዙሪያውን ላስተዋለ ሰው የአገሪቱ የሞተር ታሪክ በእግር መንገድ ተሰብስቦ ይገኛል። በአንድ በኩል ቦሌ ከመከፈቱ በፊት መንገደኛ የሚሳፈርበት የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። በሌላ በኩል፣ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ፣ ጣሊያን በተባረረ ማግስት የተከፈተውና ለብዙ ትውልድ መካኒክና ቶርነኛ ያፈራው ተግባረ ዕድ አለ። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ አንዳች ጭስ የሚሄደው ቀላል ባቡር ሳይቀር በዚህ ትምህርት ቤት ስም የተጠራ ፌርማታ አለው።

ለአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያው የመንገድ ላይ ሞተር ናፍጣ የሚጠጣ አልነበረም። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን በ1890ዎቹ ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው ማሽን በእንፋሎት የሚሠራ ነበር። በታኅሣሥ 1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በረሃውን አቋርጦ ያስገባት ሲድሌይ አውቶሞቢል ደግሞ የቤንዚን ነበረች። የናፍጣ ሞተር ያኔ ገና ወደ መንገድ አልወጣም። ሩዶልፍ ዲዝል በጀርመኗ አውግስቡርግ ሞተሩን በተሳካ ሁኔታ ያሠራው እ.ኤ.አ. በ1897፣ ከዓድዋ ድል አንድ ዓመት በኋላ ነው። ቁመቱ 3 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከቆመበት የማይነቃነቅ ብረት ነበር። በመኪና ላይ ለመጫን የሚመች፣ ናፍጣን ለክቶ በግፊት የሚረጭ ፖምፓ በብዛት ማምረት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927፣ በሮበርት ቦሽ ፋብሪካ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ናፍጣ በጅምላ የገባው ከወራሪ ጋር ነው። ፊያት እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው 634 ኤን የተባለው የጭነት መኪና ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ወታደርና ጥይት፣ ሲሚንቶና ዱቄት እየጫነ ተራራውን ወጣ። አገሬው «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ጣሊያን ሲሸነፍ መኪናዎቹ ቀሩ፤ ከመካኒኮቹም ጥቂቶቹ ቀሩ። በእነሱ ሥር ቁልፍ እያቀበሉ፣ ቅባት እያጠቡ የቆዩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ሙያውን በዓይናቸው ወሰዱት። ፖምፓ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ሚኒሞ፣ ካቻቢቴ የተባሉት ስሞች ዛሬም ጣሊያንኛ አንድ ቃል በማያውቅ የ20 ዓመት ልጅ አፍ ላይ ያሉት በዚህ ምክንያት ነው። ከመራራ ዘመን የተረፈ ጠቃሚ ዕቃ ካለ አንዱ ይህ ሙያ ነው።

ያ ትውልድ የነበረው መሣሪያ ጥቂት ነው። ካቻቢቴውን አንዱን ጫፍ በሞተሩ ብረት ላይ፣ ሌላውን በጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ዘይቱን በሁለት ጣት አሽቶ ብረት እንዳለው ያያል። ከሁሉ በላይ ግን ጭሱን ያያል። ይህ የድሃ አገር ብልሃት ብቻ እንዳይመስል፣ በአውሮፓም ጭስ የተለካው በዓይን ነው። ፈረንሳዊው ማክሲሚልየን ሪንገልማን እ.ኤ.አ. በ1888 የሠራው ሰንጠረዥ በነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመሮች እየወፈሩ የሚሄዱበት፣ ከ0 እስከ 5 ቁጥር የተሰጠው ነበር። ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ከርቀት አስቁሞ ከጭስ ማውጫው ከሚወጣው ጋር እያስተያየ ቁጥር ይሰጣል። የፋብሪካ ጭስ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሕግ ፊት የቀረበው በዚህ መንገድ ነበር።

የአዲስ አበባው ዓይን ግን የአውግስቡርጉ ወይም የቶሪኖው መካኒክ የማያስፈልገው አንድ ተጨማሪ ትምህርት ነበረበት፤ እሱም ከፍታ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ተርቦ የሌለው ሞተር በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ይቀንስበታል። ፖምፓው ግን ይህን አያውቅም፤ በፋብሪካ የተለካለትን ናፍጣ ያንኑ ያህል ይሰጣል። አየር ሲያንስ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይነድም፤ ያልነደደው ካርቦን ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ጅቡቲ ወደብ ላይ ንጹሕ የነበረ ካሚዮን አዋሽን አልፎ ወደ ደጋው ሲወጣ፣ አንድም ነገር ሳይበላሽበት፣ ጥቁር ጭስ መትፋት ይጀምራል።

ይህን የሚያውቅ መካኒክ ፖምፓውን ትንሽ «ይዘጋዋል»። የማያውቅ ሞተር ያወርዳል። ቶዮታ ራሱ ነገሩ ገብቶት በአንዳንድ የሃይሉክስና የላንድክሩዘር ፖምፓዎች ላይ በከፍታ ልክ ናፍጣ የሚቀንስ መሣሪያ ገጥሟል። በውስጡ ያለችው የታሸገች የቆርቆሮ እንክብል አየሩ ሲሳሳ ትነፋፋና የናፍጣውን መጠን ወደ ታች ትገፋዋለች። ትንሽ ነገር ናት፤ በጥገና ጊዜ የተበላሸች ወይም የተዘለለች እንደሆነ ግን ባለቤቱ ምክንያቱ ሳይገባው ዕድሜ ልኩን ጥቁር ጭስ እያስከተለ ይነዳል።

ከፍታው በነጭ ጭስም እጁ አለበት። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም፤ ናፍጣው የሚቀጣጠለው አየሩ ተጨምቆ ሲግል ነው። የቆዩት የሃይሉክስ ሞተሮች አየሩን ሃያ ሁለት እጥፍ ያህል ይጨምቁት ነበር፤ ዲ ፎር ዲ የተባለው የኋለኛው የ2.5 ሊትር ሞተር 18.5 እጥፍ፤ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የ2.8 ሊትሩ ሞተር ደግሞ 15.6 እጥፍ ብቻ። ቀድሞውኑ የሳሳ አየር በዚህ ልክ ተጨምቆ የሚያገኘው ሙቀት በታኅሣሥ ማለዳ በጭንቅ የሚበቃ ነው። አንድ ካንዴሌታ (ሲሊንደሩን የሚያሞቀው ሻማ) ከሞተ፣ ወይም ፋሻው በልቶ ኮምፕሬሽን ከወረደ፣ ናፍጣው ሳይነድ እንደ ተረጨ ይወጣል። ነጭ፣ የሚከረፋ፣ ዓይን የሚያቃጥል ጭስ ይሆናል።

መካኒኩ መኪናዋ ባደረች ማግስት፣ ማለዳ ሞተሩ ሲነሳ ከኋላ ይቆማል፤ ተለማማጁ ከመሪው። ነጭ ጨርቅ በማርሚታው አፍ ላይ ለአፍታ ይዘረጋል። ውሃ ከሆነ ጨርቁ ይርሳል፤ ሽታ አይተውም፤ ቆይቶም ይደርቃል። ናፍጣ ከሆነ ሽታው ወዲያው ይታወቃል። ዘይት ከሆነ ቅባቱ ጨርቁ ላይ ይቀራል።

«ጋሼ፣ ነጭ ናት ሰማያዊ?» ይላል ተለማማጁ ከጋቢናው።

«ዝም ብለህ ሚኒሞ ላይ ተዋት። አትርገጥ።»

አለመርገጡ ዋና ነገር ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መንደዱን ይናገራል፤ ዘይቱ በየት እንደገባ የሚናገረው ግን ጭሱ የመጣበት ሰዓት ነው። ስትነሳ ብቻ ቡፍ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ፣ ሌሊቱን በቫልቭ ጎማ የወረደ ዘይት ነው፤ ሞተር አያስወርድም። ቁልቁለት ወርዳ እግር ከነዳጅ ከተነሳ በኋላ እንደገና ሲረገጥ የሚመጣም ከዚሁ ወገን ነው። በጭነት ዳገት ስትወጣ ያለማቋረጥ የሚከተል ሰማያዊ ግን ፋሻና ሲሊንደር ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ትንፋሹ ክዳኑን የሚያስጨፍር ከሆነ ነገሩ ተረጋገጠ። ተርቦ ያላት ከሆነች ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ከተርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ጎማ ሲፈታ በውስጡ ዘይት ተኝቶ ይገኛል። ቅጠል የሚያህል ርጥበት የተለመደ ነው፤ ኩሬ ከሆነ ተርቦው አልቋል።

ውሃ የሆነ ነጭም ሁሉ የሞት ዜና አይደለም። ናፍጣ ሲነድ ውሃ ይፈጥራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ያ እንፋሎት በቀዝቃዛው ማርሚታ ውስጥ ጤዛ ሆኖ ነጭ ይመስላል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከጠፋ ምንም የለም። ካልጠፋ፣ ራዲያቶሩም ውሃ እየጎደለበት ከሆነ፣ ጓርኒሲዮኑ ወይም ቴስታታው መታየት አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ ክዳኑ ካልያዘው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ይፈላል። በርካሽ የተገዛ፣ ግፊት የማይዝ የራዲያቶር ክዳን ስንት ቴስታታ እንዳጣመመ የሚያውቀው ቶርኖ ቤት ነው።

በሜካኒካል ፖምፓ ዘመን የመጨረሻዋ ፍተሻ የ17 ቁልፍ ነበረች። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ መካኒኩ ከፖምፓ ወደ አንደኛው ኖዝል የሚሄደውን ቱቦ ጫፍ ሩብ ዙር ያህል ያላላል። ናፍጣው በጎን ይንጠባጠባል፤ ያ ሲሊንደር ሥራ ያቆማል። ሞተሩ ከተንገዳገደ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነበር ማለት ነው። ሞተሩ ምንም ሳይመስለው ጭሱ ከጠፋ ግን ጥፋተኛው ኖዝል ተገኘ። ያጠብቅና ወደሚቀጥለው ያልፋል። አራቱንም ለማዳረስ ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ወጪውም ጥቂት ጠብታ ናፍጣ ነው። የተገኘው ኖዝል ብቻውን ተፈቶ ወደ ፖምፓ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ በእጅ በሚገፋ መሞከሪያ ላይ ታስሮ አረጫጨቱ ይታያል። ጉም የሚመስል ከሆነ ደህና፣ ጅረት የሚመስል ከሆነ ጫፉ ይቀየራል።

በዚያው ዘመን ጭስ ሁልጊዜ እንደ ሕመም አይታይም ነበር። ይህ መነገር ያለበት የታሪኩ ክፍል ነው። በ1962 ዓ.ም. የመኪና መገጣጠሚያው አምቼ ከተቋቋመ በኋላ የጣሊያን ካሚዮን በአገሪቱ መንገድ ላይ የበለጠ ሥር ሰደደ፤ «ኤንትሬ» የሚባለው ፊያት 682 የሾፌርነት ማዕረግ ነበር። ከእሱ በኋላ አይሱዙ መጣና በፍጥነቱ «አልቃይዳ» ተባለ። ሾፌሩ ከሚፈቀደው በላይ ጭኖ ዳገት መውጣት ይፈልጋል። ስለዚህ ፖምፓ «ያስከፍታል»፤ ናፍጣው ይጨምራል፤ ጉልበትም ትንሽ ይጨምራል፤ ከኋላ የሚወጣው ደመና ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ጥቁር ጭስ የብርታት ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። ወጪው ግን በማርሚታው ይታይ ነበር፤ ያ ጥቁር ነገር ተገዝቶ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ከመጠን ያለፈው ናፍጣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ፋሻ ይበላል፤ የፒስተኑንም አናት ያቀልጣል። ብዙ ሞተር ያለ ዕድሜው የወረደው በዚህ ጉራ ነው።

ፒካፕ ወደ መድረኩ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የቶዮታ አስመጪው ሞኤንኮ የተቋቋመው በ1951 ዓ.ም. ሲሆን ቶዮታ ሃይሉክስን ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። የናፍጣ ሃይሉክስ የመጣው ከዚያ ዐሥር ዓመት ገደማ ዘግይቶ ነው። ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ የረድኤት ድርጅቶች፣ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ የመንገድ ሥራ ድርጅቶች ያለ ደብል ጋቢና ፒካፕ ሥራ የማይሠሩ እስኪመስል ድረስ ፒካፕ በዛ። የእነዚያ ሃይሉክሶች ሞተር፣ 2.4ም ሆነ 2.8 ወይም 3.0 ሊትር፣ ቀላልና ታጋሽ ነበር። ተርቦ የለውም፤ ኮምፒውተር የለውም። ኖዝሉ የሚከፈተው በ150 ባር ገደማ ግፊት ነው። መለስተኛ ጭስ እያስከተለ፣ ዘይት እየተጨመረለት፣ ዓመታት ይሠራል። የሰፈር መካኒክ ዝናውን የገነባው በዚህ ሞተር ላይ ነው።

ከዚያ ዲ ፎር ዲ መጣ።

ናፍጣን በአንድ የጋራ ቱቦ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት አከማችቶ በኤሌክትሪክ በሚታዘዝ ኖዝል የመርጨት ዘዴ በጭነት መኪና ላይ በጃፓኑ ዴንሶ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1995፣ በቤት መኪና ላይ ደግሞ በአልፋ ሮሜዮ 156 እ.ኤ.አ. በ1997 ለገበያ በቃ። በነገራችን ላይ የሁለተኛው ምርምር የተጀመረው በፊያት ቤት ነው፤ የትሬንታ ኳትሮ ፋብሪካ ልጆች የአያታቸውን ፖምፓ ራሳቸው ሻሩት። እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ጀምሮ በዓለም የተሰራጨው ሃይሉክስ ይህንኑ ዘዴ በ2.5 እና በ3.0 ሊትር ሞተር ይዞ ወደ ኢትዮጵያም ገባ። ግፊቱ ከ150 ባር ወደ 1,600 ባር ገደማ ዘለለ። የኖዝሉ ቀዳዳዎች ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አምስተኛ አይሞሉም። ኮምፒውተሩ በአንድ ምት ውስጥ ናፍጣውን ከአንዴ በላይ ከፋፍሎ ይረጫል፤ የሞተሩ ጩኸትም ጭሱም የቀነሰው በዚህ ነው።

የ17 ቁልፏ ፍተሻ በዚያች ቀን ሞተች። ሞተሩ እየሠራ ያንን ቱቦ የሚያላላ ሰው፣ የሚወጣው ናፍጣ ቆዳውን በስቶ ሥጋው ውስጥ ይገባበታል። ቁስሉ የመርፌ ቀዳዳ ይመስላል፤ ሕመሙም መጀመሪያ ቀላል ነው። ግን አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ጣት ወይም እጅ እስከማስቆረጥ ይደርሳል። የቀድሞውን ልማድ ይዞ ወደ አዲሱ ሞተር የቀረበ መካኒክ የሚጠብቀው አደጋ ይህ ነው፤ ለተለማማጆች ከሁሉ በፊት መነገር ያለበትም ይኸው ነው።

በምትኳ የመጣችው ፍተሻ ብዙም አታስፈራም። ከእያንዳንዱ ኖዝል ወደ ታንኩ የሚመለሰውን ትርፍ ናፍጣ የሚያሳልፈው ቀጭን ቱቦ ይነቀልና በየራሱ ትንሽ ጠርሙስ ላይ ይሰካል። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራል። አራቱ ጠርሙሶች ተቀራራቢ ከሞሉ ኖዝሎቹ ደህና ናቸው። አንዱ ከሌሎቹ እጥፍ ከሆነ በውስጡ በልቷል፤ ግፊቱን እያፈሰሰ ነው። አራት የውሃ ጠርሙስና ጥቂት ላስቲክ ቱቦ ይበቃል።

የዲ ፎር ዲ ነጭ ጭስ የራሱ ጠባይ አለው። የ3.0 ሊትሩ ሞተር በብዙ አገር የሚታወቅበት ችግር ከኖዝሉ ሥር ያለችው የመዳብ ማሸጊያ ናት። ማሸጊያዋ ስትላላ የሚነደው ጋዝ በጎኗ እያለፈ ጥቀርሻውን ወደ ሞተር ዘይት ያወርዳል። ዘይቱ ይወፍራል፤ ጥቀርሻው ከሥር ያለውን የዘይት መሳቢያ ወንፊት ይደፍናል፤ ሞተሩ ዘይት ተጠምቶ ይነክሳል። መነሻው በጠዋት የሚታይ ቀጭን ነጭ ጭስና በቀዝቃዛ ሞተር የሚሰማ የኖዝል ኳኳታ ነው። ይህን በጊዜ የሰማ ባለቤት የመዳብ ቀለበት ይገዛል። ያልሰማ ሞተር ይገዛል። የድሮው ሃይሉክስ እየጨሰ ዓመት የሚከርም ነበር፤ አዲሱ ግን ዝም ብሎ ይቆይና ጭስ ሲያሳይ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ ሩቅ ሄዷል። ለዚህ ነው የዛሬ ጭስ ከትናንቱ ይልቅ ሊፈራ የሚገባው።

ስካነር ሁሉን ነገር የፈታ የመሰላቸው ብዙ ናቸው። መሣሪያው ኮድ ያወጣል፤ ኮዱ ግን የሚናገረው ምን እንደጎደለ እንጂ ለምን እንደጎደለ አይደለም። ፒ0087 የሚለው ኮድ በጋራ ቱቦው ውስጥ ግፊት ማነሱን ይገልጻል። ምክንያቱ የተደፈነ የናፍጣ ፊልትሮ ሊሆን ይችላል፤ የፖምፓው መቆጣጠሪያ ቫልቭ ሊሆን ይችላል፤ የሚያፈስ ኖዝል ወይም ያለቀ ፖምፓ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። ፒ0299 የተርቦ ግፊት አነሰ ይላል፤ ተርቦው ሳይነካ ጎማው ብቻ ተቀዶ ጥቁር ጭስ ሊያስወጣ እንደሚችል ግን አይናገርም። ኮድ አንብቦ ወዲያው አራት ኖዝል የሚያስገዛ ሰው መካኒክ ሳይሆን ሻጭ ነው።

ጥቁር ጭስ በዘመናዊቱ ፒካፕ ላይ ሌላም ምንጭ አለው። የናይትሮጅን ኦክሳይድ ብክለትን ለመቀነስ የተቃጠለ ጋዝ ከፊሉን ወደ ሞተሩ የሚመልስ ቫልቭ ተገጥሞላታል። በከተማ ትራፊክ፣ በዝግታና በአጭር መንገድ ለምትውል መኪና ይህ ቫልቭ በጥቀርሻ ይደፈናል፤ ተከፍቶ ከቀረም ሞተሩ ንጹሕ አየር አጥቶ ያጨሳል። በየጋራዡ የተለመደው መፍትሔ በቆርቆሮ መድፈን ነው። ጭሱ ይቀንሳል፤ የማይታየው ብክለት ግን ይጨምራል። ማጽዳቱ ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ስለሆነ ብቻ መድፈን የሚመረጥ መሆኑ የሙያው ደካማ ጎን ነው።

ነዳጁም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ኬሮሲን ከናፍጣ በረከሰባቸው ዓመታት ሁለቱን መደባለቅ ለሻጩ አዋጭ ነበር። ኬሮሲን ቅባቱ አነስተኛ ነው፤ በናፍጣ ራሱን የሚያለሰልሰውን የከፍተኛ ግፊት ፖምፓና የኖዝሉን ውስጥ ያፋጫል። ከሰኔ 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በወጣው ታሪፍ ሁለቱም በሊትር 49 ብር ከ02 ሳንቲም ሲሆኑ የመደባለቁ ትርፍ መነሻ ተነካ። የተበላሹት ኖዝሎች ግን ታሪፍ አያድናቸውም።

ሕጉ ጭስን በወረቀት ያውቀዋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለ፤ ቦሎ ለመለጠፍም ዓመታዊ ምርመራ ግዴታ ነው። ሆኖም ከሜክሲኮ ወደ ሳር ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ለግማሽ ሰዓት የቆመ እግረኛ፣ አዲስ ቦሎ ለጥፈው ፊቱን የሚያጠቁሩበትን መኪናዎች ሳያይ አይሄድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን ማስገባት እጅግ አስወደደ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል እንዳይገባ ማገዱን አስታወቀ። የታሰበው ጭስን መቀነስ ነው። የታየው አንዱ ውጤት ግን ያለችው ፒካፕ ዋጋዋ መናሩና ባለቤቷ እስከ መጨረሻዋ ሊያስጠግናት መቁረጡ ነው። የሰፈር መካኒኩ ሥራ ገና ብዙ ይቆያል።

አዲስ መኪናም ቢሆን ዋስትና አይሆንም። አውስትራሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 የተሸጡ ከ260,000 በላይ የናፍጣ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪናዎች ባለቤቶች ጉዳይ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ክሱ የጥቀርሻ ማጣሪያው በትክክል ራሱን እያነደደ ማጽዳት አልቻለም፤ መኪናዎቹም መጥፎ ሽታ ያለው ከባድ ነጭ ጭስ ያወጣሉ የሚል ነው። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 የማጣሪያው ሥርዓት ጉድለት እንዳለበት ወሰነ፤ የካሣው ክርክር ከዚያ በኋላም ቀጥሎ ነበር። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ ለማንደድ 600 ዲግሪ ያህል ሙቀትና የማይቋረጥ ጉዞ ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ ያላት ፒካፕ ከጌጃ ሰፈር ሳር ቤት፣ ከሳር ቤት ሜክሲኮ በሚሽከረከር ሰው እጅ ብትገባ ያን ሙቀት ከየት ታገኘዋለች?

እነዚህ ጋራዦች ያሉበት ልደታም በከተማዋ መልሶ ማልማት ቀድመው ከተነኩ አካባቢዎች አንዱ ነው። የቆርቆሮ አጥር፣ አንድ ዛፍ፣ የዘይት መሬትና ሁለት የተፈታ ሞተር የነበራቸው ግቢዎች በሕንፃ ሲተኩ መካኒኩ ዕቃውን በበርሜል ጭኖ ወደ ዳር ይሄዳል። ቁልፉን ይወስዳል፤ የሰፈሩን ደንበኛ ግን አይወስድም። መኪናዋን ከአዲስነቷ ጀምሮ የሚያውቅ፣ ባለፈው ዓመት ዘይት ስትበላ የነበረች መሆኗን የሚያስታውስ ሰው በስካነር አይተካም። በዚህ ረገድ ከተማዋ የምታጣው ነገር በካሣ ሂሳብ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ጭስ ያየ የፒካፕ ባለቤት እንግዲህ እንዲህ ያድርግ። መኪናውን አሳድሮ በቀዝቃዛ ሞተር ያስፈትሽ። ጥቁር ከሆነ ከምንም በፊት የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ ይመልከት፤ ከዚያም የተርቦውን ጎማ በእጁ ዳብሶ ቅዳድ ይፈልግ። ነጭ ከሆነ የራዲያቶሩን ውሃ መጠን ምልክት አድርጎበት ይደር፤ የካንዴሌታና የመዳብ ቀለበቶቹን ሁኔታ ይጠይቅ። ሰማያዊ ከሆነ በስንት ኪሎ ሜትር ስንት ዘይት እንደጎደለ ጽፎ ይያዝ። ኖዝል ይቀየር ከተባለ አራቱ ጠርሙሶች ሲሞሉ ቆሞ ይይ፤ የተፈቱትንም አሮጌ ኖዝሎች ቆጥሮ ይረከብ።